የቼክ መምህር ከክፍል ተነሥቶ ከንቲባ የሚሆነው በምን መንገድ ነው? ሲሸነፍስ ወዴት ይመለሳል?

የጅሬኑ መምህር (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በቡድን ሆነው የአንድ የውጭ አገር የአካባቢ አስተዳደር ምን እንደሚመስል አጥንተው እንዲያቀርቡ የቤት ሥራ ሰጥቻቸው ነበር። አንደኛው ቡድን ቼክ ሪፐብሊክን መረጠ፤ ሕግ እየዘረዘረ ከማሰልቸት ይልቅም የአንድ ሰው የሥራ ሕይወት ይዞ ቀረበ። ሰውየው ሚሎሽ ቪስትርቺል ይባላሉ። በ1960 ዳቺትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ፤ ብርኖ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የፊዚክስ መምህርነት ተምረው ቴልች በምትባል ከተማ በጂምናዝየም፣ ማለትም ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አስተማሩ። በ1998 የዚያችው ከተማ ከንቲባ ሆኑ፤ ከ2004 እስከ 2008 ቪሶቺና የሚባለውን ክልል መሩ፤ በ2010 ሴናተር፣ በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍኋቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ መልስ የምትሰጡም እንዲሁ ብታደርጉ ተማሪዎቹ አይደናገሩም።

ቡድኑ አቅርቦ እንደ ጨረሰ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ፣ «ምርጫ ቢሸነፉ ኖሮ ወደ ክፍላቸው ይመለሱ ነበር ወይስ ሥራ ፈት ይሆኑ ነበር?» ብላ ጠየቀች። አቅራቢዎቹም እኔም መልስ አልነበረንም። ጥያቄው ግን ለእኛ ቅርብ ነው። እኛ ዘንድ መምህር ወደ አስተዳደር የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በሹመት ነው፤ ከሹመቱ ተነሥቶ ወደ ጠመኔው ሲመለስም ሰው የሚያየው እንደ ወረደ እንጂ ሥራውን ጨርሶ እንደ ተመለሰ አይደለም።

ስለዚህ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። እዚያ አገር አንድ መምህር ወደ ከንቲባነት የሚገባው በፓርቲ ተመልምሎ ነው ወይስ ሕዝቡ በስሙ ይመርጠዋል? ማስተማሩንስ የግድ ይተዋል? ሌላም ያላለቀልኝ ነገር አለ፤ ትምህርት ቤቱ በማዘጋጃ ቤቱ ሥር ከሆነ የምክር ቤት አባል የሆነው መምህር የገዛ ርዕሰ መምህሩ አለቃ መሆኑ አይደለምን?

ብርኖ የተማረ

መምህር፣ እኔ በ1980ዎቹ በመጀመሪያ ፖዴብራዲ ቋንቋ፣ ቀጥሎም ብርኖ ግብርና ተምሬ የተመለስሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ጅማ የምኖር ሰው ነኝ። ምርጫውን የሚመለከተውን ጉዳይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ይመልሱልዎ፤ እኔ የምነግርዎ መምህሩ ከምርጫው በፊት በከተማው ውስጥ ምን ቦታ እንደ ነበረው ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ይመስለኛል።

በቼክ ገጠር መምህር ማለት ከጥንት ጀምሮ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ብቻ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራው፣ የመንደሩን የቴአትር ቡድን የሚያደራጀው፣ ማመልከቻ የሚጽፈው እርሱ ነበር። ቼኮዝሎቫኪያ ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ በ1920 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ መንደርና ከተማ የራሱን ዜና መዋዕል እንዲያስጽፍ አስገደደ፤ ይህን የመጻፍ ኃላፊነትም በብዙ ቦታ የተቀበለው የመንደሩ መምህር ነው። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ጎርፉ መቼ መጣ፣ ድልድዩ በስንት ተሠራ የሚለውን ሁሉ በእጁ የሚጽፍ ሰው አካባቢውን ከማንም በላይ ቢያውቀው አያስደንቅም። ዛሬም የመምህራን ቀናቸው ማርች 28 ነው፤ የታላቁ የትምህርት ሊቅ የያን አሞስ ኮመንስኪ የልደት ቀን ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ማሳሪክም ወደ ፖለቲካ የገቡት ከዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነት ነው። እንግዲህ ከማስተማር ወደ ሕዝብ ሥራ መሻገር በእነርሱ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም።

እኔ በነበርሁበት በኮሚኒስቶቹ ዘመን ግን ይህ መንገድ ዝግ ነበር። አካባቢውን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ኮሚቴ የሚባለው አካል ነው፤ ምርጫ ይደረጋል፤ ነገር ግን የሚቀርበው በኮሚኒስት ፓርቲው የሚመራው የብሔራዊ ግንባር አንድ ዝርዝር ብቻ ስለ ነበረ መራጩ ወረቀቱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከመክተት በቀር የሚመርጠው ነገር አልነበረውም። የ1968ቱ የለውጥ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ደግሞ ብዙ መምህራን በአመለካከታቸው ምክንያት ከሥራ ተባርረዋል። ስለዚህ ልባም የሆነ መምህር በእኔ ጊዜ አፉን ይዞ ሒሳቡን ያስተምር ነበር። ቪስትርቺልም በዚያው በ1980ዎቹ ሒሳብና ፊዚክስ ያጠኑ ሰው ናቸው። ሒሳብና ፊዚክስን ለምን እንደ መረጡ ባላውቅም ከታሪክ ይልቅ ካድሬ የማይደርስበት ትምህርት እንደ ነበር ግን ያየሁት ነው።

የ1989ኙ ለውጥ ሲመጣ ብሔራዊ ኮሚቴዎቹ ፈረሱ፤ በኖቬምበር 1990 የመጀመሪያው ነፃ የአካባቢ ምርጫ ተደረገ። ያን ጊዜ የሆነውን ልብ ይበሉ። ቀድሞ በትእዛዝ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዲዋሐዱ የተደረጉ መንደሮች ተለያይተው ራሳቸውን ማስተዳደር ጀመሩ፤ ከ4,000 ትንሽ ከፍ ይል የነበረው የአካባቢ አስተዳደሮች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ6,000 አለፈ። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ከ1,000 ያነሰ ነዋሪ ያላቸው ናቸው። በአንድ ጊዜ ያን ያህል ከንቲባና የምክር ቤት አባል ከየት ይገኛል? የቀድሞዎቹ ሹማምንት ታምኖባቸው አይመረጡም። የሚጽፍ፣ የሚያነብ፣ በሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይፈራና ሕዝቡ በስሙ የሚያውቀው ሰው ሲፈለግ ከሐኪሙና ከእርሻ መሐንዲሱ ጋር መምህሩ አብሮ መነሣቱ የግድ ነበር።

አወይቱ ዳር

እኔ ሕዝብ አስተዳደር የማስተምር ነኝ። ጋሽ ብርኖ የተማሩት መሠረቱን ስላስቀመጡልን አሠራሩን ልቀጥል።

በመጀመሪያ፣ የቼክ ከንቲባ በቀጥታ በሕዝብ አይመረጥም። ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ ምክር ቤቱን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ከንቲባውን ይመርጣል፤ ሲፈልግም ያነሣዋል። የአባላቱ ቁጥር እንደ ነዋሪው ብዛት ከ5 እስከ 55 ሲሆን፣ 5,000 ያህል ነዋሪ ያላት ቴልች ከ11 እስከ 25 አባላት እንዲኖሯት ሕጉ ይፈቅዳል። ወደ ከንቲባነት ለመድረስ እንግዲህ በመላው ከተማ ዝነኛ መሆን አያስፈልግም፤ በቅድሚያ ከእነዚያ ወንበሮች አንዱን ማግኘት፣ ቀጥሎ የሥራ ባልደረቦችን አመኔታ ማግኘት ያስፈልጋል።

ወንበሩን የማግኘቱ ነገር ላይ ነው መምህሩ የሚጠቀመው። የቼክ የአካባቢ ምርጫ የድምፅ አሰጣጥ ለእኛ እንግዳ ነው። መራጩ ምክር ቤቱ ባለው የወንበር ቁጥር ልክ ድምፅ አለው። ሙሉ ድምፁን ለአንድ የዕጩዎች ዝርዝር መስጠት ይችላል፤ ካልፈለገ ደግሞ ከአንዱ ዝርዝር ሐኪሙን፣ ከሌላው አናጢውን፣ ከሦስተኛው ልጁን ሒሳብ ያስተማረለትን መምህር እየለቀመ ምልክት ማድረግ ይችላል። በዝርዝሩ ታች የተቀመጠ ዕጩ የዝርዝሩ ዕጩዎች በአማካይ ካገኙት ድምፅ ቢያንስ በ10 በመቶ የበለጠ ካገኘ ወደ ላይ ይወጣል። ሃያ ዓመት በአንድ ትንሽ ከተማ ያስተማረ ሰው ግማሹን መራጭ በተማሪነት ወይም በተማሪ ወላጅነት ያውቀዋል፤ ፓርቲው በዝርዝሩ አሥራ ሁለተኛ ቦታ ላይ ቢያስቀምጠው እንኳ መራጩ ፈልጎ ያገኘዋል። በትንንሾቹ መንደሮች አብዛኛው ዕጩ ጭራሹን የፓርቲ አባል አይደለም፤ የመንደር ሰዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ዝርዝር ያቀርባሉ። ቪስትርቺል የፓርቲ ሰው ናቸው፤ የሲቪክ ዴሞክራቲክ ፓርቲ አባል። ይሁን እንጂ በትንሽ ከተማ የፓርቲ አባልነት ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው።

ተማሪዋ ወደ ጠየቀችው ስመጣ፣ እጅግ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። የቼክ ሕግ የምክር ቤት አባላትን በሁለት ይከፍላል፤ ከመደበኛ ሥራቸው የተለቀቁና ያልተለቀቁ ይላቸዋል። ያልተለቀቀው አባል ማስተማሩን አይተውም። ስብሰባ ሲኖር አሠሪው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ደመወዙም አይቆረጥበትም፤ ለአሠሪው የሚተካለት ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በትንንሽ መንደሮች ከንቲባው ራሱ ያልተለቀቀ ሆኖ ቀን የግል ሥራውን፣ ማታ የመንደሩን ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። የተለቀቀው አባል ግን ሙሉ ጊዜውን ለሕዝብ ሥራ ይሰጣል፤ የሚከፈለውም ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ መጠኑም በመንግሥት ደንብ እንደ ነዋሪው ብዛት ተወስኗል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2006 የወጣው የሠራተኛ ሕጋቸው፣ ለሕዝብ ኃላፊነት ከሥራው የተለቀቀ ሠራተኛ ኃላፊነቱ ሲያበቃ አሠሪው ወደ ቀድሞ ሥራውና ወደ ቀድሞ የሥራ ቦታው እንዲመልሰው ያዛል። ሕጉ ይህን የጠቀሰው ከወሊድ ፈቃድ ከምትመለስ እናት ጋር በአንድ አንቀጽ ነው። እንግዲህ ለተማሪዎ ቢነግሯት፣ ምርጫ የተሸነፈ ከንቲባ ትምህርት ቤቱ ካልተዘጋና ሥራው ካልተሰረዘ በቀር ወደ ሰሌዳው የመመለስ መብት አለው። መመለሱም ውለታ ስላልሆነ ማንንም ደጅ አይጠናም።

ርዕሰ መምህርት ነኝ

ሁለቱም መልሶች አስተማሩኝ፤ ነገር ግን የመጨረሻው ጥያቄ አልተነካም። ለእኔ ደግሞ እርሱ ነው የሚከብደኝ። ከመምህራኖቼ አንዱ ነገ የከተማው ምክር ቤት አባል ቢሆን፣ ከነገ ወዲያ አርፍዶ ሲመጣ በምን አንደበት እገሥጸዋለሁ? በጀት ጠይቄ ወረቀቴ እርሱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ሲደርስስ? እዚህ በቀበሌ ደረጃ እንኳ መምህር ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ የስም መጥሪያው ወረቀት ላይ ቀሪ እንዳይጻፍበት የሚያስፈራራ አጋጥሞኛል። ሕጉ መመለሻውን ማዘጋጀቱ መልካም ነው፤ የሚመለስበት ትምህርት ቤት ግን እስከዚያው ድረስ በሰላም መሥራት አለበት።

አቶ አወይቱ ዳር፣ ይህን የሚከለክል ሕግ የላቸውም?

አወይቱ ዳር

እትዬ፣ የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሚያለዝቡ ነገሮች ግን አሉ።

በቼክ መዋለ ሕፃናትና የመሠረታዊ ትምህርት ቤቶች መሥራች ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሥራች በአብዛኛው ክልሉ ነው። ጂምናዝየምም ከሁለተኛው ወገን ነው። በዚህ ክፍፍል የጂምናዝየም መምህር ከንቲባ ቢሆን የሚያስተዳድረው የሌሎችን ትምህርት ቤት እንጂ የራሱን አይደለም። እርስዎ ያነሡት ችግር በሙሉ ክብደቱ የሚታየው የመሠረታዊ ትምህርት ቤት መምህር ወይም ርዕሰ መምህር የዚያው ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ሲገባ ነው፤ ይህም በትንሽ ከተማ በየምርጫው የሚታይ ነገር ነው። ሕጉ በማዘጋጃ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ አንዳንድ ሠራተኞች ለምክር ቤት እንዳይቀመጡ ሲከለክል መምህራንን አልነካም፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም እንጂ የጽሕፈት ቤቱ ክፍል አይደለም።

የደመወዙ አከፋፈልም ይረዳል። የመምህራን ደመወዝ የሚመጣው ከማዕከላዊ መንግሥት በጀት በክልሉ በኩል ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሸፍነው ሕንፃውን፣ ማሞቂያውን፣ መብራቱን፣ ጥገናውን ነው። ስለዚህ የምክር ቤት አባል የሆነው መምህር ስለ ጣሪያ ጥገና ድምፅ ይሰጥ እንደሆነ እንጂ የባልደረቦቹን ደመወዝ አይወስንም። የግል ጥቅሙን የሚነካ ጉዳይ ሲነሣ ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ እንዲያስታውቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ የምክር ቤቱም ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ዝም ቢል የሚያየው ሰው አይጠፋም።

ርዕሰ መምህሩን የሚሾመው የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስፈጻሚ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ውድድር ይደረጋል፤ የሚሾመውም ለስድስት ዓመት ነው፤ የምክር ቤቱ ዘመን አራት ዓመት ነው። ይህ የሁለት ዓመት ልዩነት አዲስ የመጣ ምክር ቤት ርዕሰ መምህሩን ወዲያው በራሱ ሰው እንዳይተካ ያዘገየዋል። ይህ ሁሉ የእርስዎን ሥጋት አያጠፋውም። አርፍዶ የመጣን የምክር ቤት አባል መገሠጽ እዚያም ቢሆን ድፍረት የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ተጠራጣሪው

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለተማሪዎቹ የተሟላ ሥዕል እንዲደርሳቸው ከፈለግን የቪስትርቺል ታሪክ የተለመደው እንዳልሆነ ልንነግራቸው ይገባል። አብዛኛው መምህር ከንቲባ መንደሩን አንድ ወይም ሁለት ዘመን አገልግሎ፣ ፍሳሹን አስቀብሮ፣ መንገዱን አስጠርጎ ይመለሳል፤ ስሙንም ከመንደሩ ውጭ የሚያውቀው የለም። ሴኔት የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ከዚያም በላይ ሰውየውን ያነሣቸውና የጣላቸው ሥራቸው ብቻ አይደለም፤ የጊዜው ነፋስ ነው። ክልሎቹ የመጀመሪያ ምርጫቸውን ያደረጉት በ2000 ነው። በ1998 ከንቲባ የሆነ ሰው ገና በሁለተኛው ዓመት አዲስ የሥልጣን እርከን ከፊቱ ተከፈተለት፤ ይህ ዕድል ከእርሱ በፊት ለነበሩት ከንቲባዎች አልነበረም። በ2004 የሲቪክ ዴሞክራቲክ ፓርቲ በክልል ምርጫ ከ13 ክልሎች በ12ቱ አሸነፈ፤ ቪስትርቺልም የክልሉ መሪ ሆኑ። በ2008 ደግሞ ሕዝቡ በማዕከላዊው መንግሥት ተቆጥቶ ስለ ነበር ሶሻል ዴሞክራቶቹ 13ቱንም ወሰዱ፤ ቪስትርቺልም ወንበራቸውን አጡ። በቪሶቺና መልካም አስተዳድረው ይሁን ክፉ፣ በዚያ ዓመት መልሱ አንድ ዓይነት ነበር። አቶ አወይቱ ዳር የነገሩን የስም ምርጫ በመንደርና በትንሽ ከተማ ይሠራል፤ ክልል ላይ ሲደርስ ፓርቲው ስሙን ይውጠዋል። መምህሩ የሚያውቁት ተማሪዎች የሚያዋጡት እስከ ከተማው ዳር ድረስ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ፔትር ጋዝዲክን ተመልከቱ። እርሳቸውም በሙያቸው መምህር ናቸው፤ ከ2002 እስከ 2010 በዝሊን ክልል የምትገኘውን የሱኻ ሎዝ መንደር በከንቲባነት መሩ። የከንቲባዎችና የገለልተኞች ንቅናቄ የሚባለውን ፓርቲ ከመሠረቱት ዋነኞች አንዱ ሲሆኑ በ2010 ፓርላማ ገቡ፤ በዲሴምበር 2021 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የመንደር መምህር የአገሩን ትምህርት ሲመራ ማየት የሚያስደስት ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ ነጋዴ ጋር ስለ ነበራቸው ግንኙነት ጥያቄ ስለተነሣባቸው በጁን 2022 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሚኒስትር ሆነው የቆዩት ግማሽ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በመንደር ከንቲባነት ስምንት ዓመት ያጸና ስም በዋና ከተማው ግማሽ ዓመት አላጸናም።

በመጨረሻም ሕዝቡ ሁሉ ለአካባቢ ምርጫ እየተሻማ እንዳይመስላቸው ንገሯቸው። በ2022ቱ የአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ ከግማሽ በታች ነው።

ብርኖ የተማረ

ወንድሜ ተጠራጣሪው ነፋሱን በትክክል አይተዋል፤ እኔ ግን ከ2008 በኋላ የሆነውንም እጨምራለሁ። ቪስትርቺል ከክልሉ መሪነት ከወረዱ በሁለት ዓመት ለሴኔት የተወዳደሩት ዪህላቫ በሚባለው የምርጫ ክልል ነው፤ ዪህላቫ የቪሶቺና ዋና ከተማ ናት። የቼክ ሴኔት 81 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ የሚመረጠው በአንድ የምርጫ ክልል ብቻ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆንም በሁለተኛ ዙር ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይወዳደራሉ። እንግዲህ ሴኔት ፓርቲ ከስም በላይ የሚነግሥበት ቦታ አይደለም፤ የሰው ስም እንደ ገና የሚቆጠርበት ነው። በ2020 መጀመሪያ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ያሮስላቭ ኩቤራ በድንገት ሲያርፉ እርሳቸውን የተኩት ቪስትርቺል ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ የቻይናን ተቃውሞ ሳይሰሙ ታይዋን ሄደው በፓርላማው ንግግር አደረጉ፤ በዓለም የታወቁትም ያን ጊዜ ነው። ወደዚያ ያደረሳቸው ግን በቴልችና በዪህላቫ ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ ነው።

የጅሬኑ መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ ብርኖ የተማሩት የነገሩንን የዜና መዋዕል ጉዳይ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ስለ ጅማ ቢጽፉ ምን እንደሚጽፉ ማየት እፈልጋለሁ። ለጠየቀችው ተማሪ የሕጉን መልስ እነግራታለሁ፤ የእትዬ ርዕሰ መምህርትንም ሥጋት አያይዤ አቀርባለሁ፤ ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ሆነው ቢከራከሩበት ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ሴናተር የሆነ ሰው የከተማውን ከንቲባነት የግድ ይለቅቃል?

አወይቱ ዳር

አይለቅቅም። ሕጉ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይፈቅዳል፤ በሴኔቱ ውስጥ ከንቲባ የሆኑ አባላት ጥቂት አይደሉም። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ አንድ ሰው ሁለት ደመወዝ ሊያገኝና ሁለት ሥራ ሊያጎድል ይችላል ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ ሕግ የሚያወጣው ሰው ሕጉ በመንደር ምን እንደሚያስከትል በየሳምንቱ ያየዋል ብለው ይከራከራሉ። ለተማሪዎችዎ ክርክር ከእትዬ ጥያቄ ቀጥሎ ይህኛውም ይሆናል፤ የሕጉን አንቀጾች በአማርኛ አጠር አድርጌ እስከ ሰኞ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።